ያልበዋል ወይ ብለሽኝ ነበር

ውድ ዳኛዬ፣

በእውነተኛ ስምሽ ልጀምር ብዬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ስምሽን በብዕር ከጻፍኩት ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ እጄ ላይ ከበደኝ። ስለዚህ ዳቦ ጋጋሪው ባወጣልሽ ስም ልጥራሽ። እሱ ሲጠራሽ እየሳቅሽ ትቆጪው ነበር። አሁንም ብትቆጪ ደስ ይለኛል፤ ቁጣሽም ናፍቆኛል።

አድራሻሽን የሰጡኝ ጋሼ ናቸው፣ የፋርማሲው ባለቤት። ባለፈው ረቡዕ ሄጄ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቄ፣ የት እንዳለሽ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩኝ።

«መጋዘን ውስጥ ናት» አሉኝ። «የመድኃኒት መጋዘን። ካርቶን ትረከባለች፣ ካርቶን ታስረክባለች።»

«ባንኮኒ ላይ አትቆምም?»

«ቦታማ አላጣችም። እኔ ራሴ ሌላ ፋርማሲ አነጋግሬላት ነበር። ‹ከእንግዲህ የታመመ ሰው ጠይቆኝ የምመልስበት ቦታ አልቆምም› አለችኝ።»

ሌላው ሰው ቢለው አይገርመኝም። አንቺ ግን የታመመ ሰው ፊት ካልቆምሽ የት ትቆሚያለሽ? ሰፈሩ ሁሉ ከሐኪም በፊት የሚመጣው አንቺ ጋ አልነበረም? ያ መስታወቱ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተለጠፈው ባንኮኒ አሁንም እንዳለ ነው። ሰው ክርኑን እዚያ ላይ ያስደግፍና ሕመሙን ይዘረግፋል። አንቺ እስኪጨርስ አታቋርጪውም። ከዚያ ሦስት ነገር ትጠይቂያለሽ፤ ከሦስት በላይ ስትጠይቂ ሰምቼሽ አላውቅም። ቀጥሎ ፍርድሽ ይመጣል። «ይሄ የቤት ነው፣ ውሃ ጠጣና ተኛ።» «ይሄ የኔ ነው፣ ቆይ ላውጣልህ።» «ይሄ የጤና ጣቢያ ነው፣ ዛሬ ካልደረስሽ ነገ ጠዋት።» አንዳንድ ቀን ደግሞ ድምፅሽ ዝግ ይልና፣ «ይሄ የሆስፒታል ነው፤ አሁን፣ ከዚሁ ቀጥታ» ትያለሽ። ድምፅሽ ዝግ ሲል ሰው ሳይከራከር ይሄድ ነበር።

ከፍ ስታደርጊው ግን የሚሰማሽ የለም። በተለይ ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን፣ ጉንፋን በያዛት ቁጥር መርፌ ካልተወጋሁ ብላ ትሟገትሻለች። «መርፌ የሚፈልግ ጉንፋን እስካሁን አልገጠመኝም» ስትያት፣ «አንቺ ያልገጠመሽ ብዙ ነገር አለ» ብላ ጥላሽ ትወጣለች። በአራተኛው ቀን ድና ትመጣና ያለ መርፌ በመዳኗ ትቆጣሻለች።

ዳቦ ጋጋሪው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት በአንድ እግሩ እየዘለለ የመጣ ዕለት እኔም እዚያ ነበርኩ። «አራት እርምጃ ተራመድልኝ» አልሽው። «ተሰብሬያለሁ እያልኩሽ?» አለ። «ተራመድና እንይ።» ምርር ብሎ እያማረረ አራት ተራመደ። አጥንቱን በዚህም በዚያም ነካ ነካ አድርገሽ ስታበቂ፣ «ለዛሬ የኔ ነህ፤ ካልተሻለህ ግን ሄደህ ራጅ ትነሳለህ» ብለሽ በፋሻ አሰርሽለት። «ይቺ ልጅ ዳኛ ናት፤ ያለ ጠበቃ ነው የምትፈርደው» አለ። ስሙም በዚያው ጸና።

እኔ የመጣሁብሽ በሚስማር ነው። ሶፋ ሳለብስ ትንሿ የጨርቅ ሚስማር አውራ ጣቴ ውስጥ ገብታ፣ ነቅዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ፕላስተር ልገዛ ነበር የመጣሁት። ጨርቁን ፈታሽ፣ አየሽ፤ «ዝጋ ነበራት?» አልሽኝ። «ትንሽ» አልኩ። «ይሄ የኔ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሄደህ ትወጋለህ።»

«ለዚች ለምታህል ሚስማር?»

«ሚስማሯ ትንሽ ናት፤ መንጋጋ ቆልፍ ግን ትልቅ ነው።»

ሄጄ ተወጋሁ። ከዚያ የተወጋሁበትን ላሳይሽ ብዬ ተመልሼ መጣሁ። ክንድ ላይ የተወጋ መርፌ ምን የሚታይ ነገር እንዳለው እንጃ። አንቺም ቁም ነገር አስመስለሽ አየሽልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ዓመት አንቺም አትረሺውም። አንቺ የሱቁን በር ስትዘጊ እኔ ቁልፉን እይዛለሁ። እስከ አውቶቡስ ፌርማታ በእግራችን እንሄዳለን። አውቶቡስ ይመጣል፣ እንተወዋለን፤ ሌላ ይመጣል፣ ያንንም እንተወዋለን። ሾፌሮቹ ለይተውን በር መክፈት ትተው ነበር። እንጋባ ልልሽ ስንት ቀን እንደተነሳሁ አታውቂም። በሚቀጥለው አውቶቡስ እላለሁ፣ በሚቀጥለው እላለሁ እያልኩ አንቺ ትሳፈሪና ትሄጃለሽ።

አባቴ ከኔ በፊት ነው የወደደሽ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ መዋያ አጥቶ፣ የደም ግፊቴን ለኪልኝ እያለ በሳምንት ሁለቴ አንቺ ጋ ይመጣ ጀመር። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የኪኒን ፖስታ ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ትስይ ነበር። እሱ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰውዬ፣ «ለኔም ፀሐዩን ሳይልኝ» ይልሽ ነበር። «አባባ፣ እርስዎ ማንበብ ይችላሉ» ስትይው፣ «ማንበቡንማ እችላለሁ፤ ፀሐዩ ነው የሚያድነኝ» ይልሻል።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስኩ። ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አነሳሁት።

ያ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ አባቴን ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዳቦ ገዝቶ እየተመለሰ ነበር። ፌስታሉን ጉልበቶቹ መሐል ይዞ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። ጠዋቱ ብርድ ነበር።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ቃር ነው። ትናንትም እንዲህ አድርጎኝ ነበር፤ ሲቀመጡ ይለቃል።»

እውነትም ተቀምጦ ቆይቶ ለቀቀው። ክንዱን ይዤ ወደ ላይ ሳወጣው በየደረጃው ይቆማል። ሶፋው ላይ ከተቀመጠ በኋላ እጄን ይዞ አልለቅም አለኝ።

«ለዳኛዋ የቃር መድኃኒት ስጪው ብሏል በላት። ስለ ላቡ ግን እንዳትነግራት። ከነገርካት ሆስፒታል ነው የምትለኝ። እናትህ በእግሯ ገብታ በሰው ትከሻ ነው የወጣችው። እኔ እዚያ ቤት አልገባም። ማልልኝ።»

ማልኩለት።

መጣሁ። ከፊቴ ሁለት ሰው ነበር፣ ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ የአባቴን ነገርኩሽ። እንደ ልማድሽ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ። የት ላይ ነው የሚያመው አልሽኝ። እዚህ ብዬ አሳየሁሽ፤ ይህ እውነት ነው። ወደ ክንዱ ወይ ወደ መንጋጋው ይዘልቃል ወይ አልሽኝ። አላለኝም አልኩ፤ ይህም እውነት ነው። ከዚያ፣ «ደረጃ ሲወጣ ያልበዋል ወይ?» አልሽኝ።

«ኧረ አያልበውም። በልቶ ጋደም ሲል ነው።»

ቀና ብለሽ አየሽኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

«አብሬው አይደል የምኖረው?» አልኩሽ። ቆጣ ብዬ ነው ያልኩት። ውሸታም ይቆጣል፤ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር።

መድኃኒቱን አወጣሽ። ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣልሽ። «ራሱን አምጣልኝ፤ ሳላየው ደስ አይለኝም» አልሽ። ነገ አመጣዋለሁ አልኩ። ከበሩ ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ ጠራሽኝና፣ «ስማ፣ ካላበው ወይ ትንፋሽ ካጠረው እኔ ጋ እንዳትመጣ። ቀጥታ ሆስፒታል» አልሽኝ። ድምፅሽ ዝግ ብሎ ነበር። እሺ አልኩሽ።

እስከዛሬ ለራሴ የምነግረው፣ ለአባቴ ስለማልኩ ነው የዋሸሁት እያልኩ ነው። ሦስት ዓመት ይህችን ታሪክ ተሸፋፍኜባታለሁ። ሙሉው ግን ይህ አይደለም። ያን ዕለት ለአንድ አዳራሽ አርባ ወንበር አልብሰን የምናስረክብበት ቀን ነበር። የጭነት መኪናው ከሱቃችን በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር። አዎ ያልበዋል ብልሽ የምትይኝን አውቀዋለሁ፤ ቀኔ ሆስፒታል ውስጥ ሊያልቅ ነው። አንቺ ስትጠይቂኝ በጆሮዬ የሞተሩን ድምፅ እሰማ ነበር። አባቴን ያመካኘሁት በኋላ ነው። ይህን ለእህቴም እስካሁን አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ ለአንቺ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። እንደገና ደረጃው ላይ ነው የተገኘው። በታክሲ ሆስፒታል አደረስነው፤ በር ላይ ነበርን ትንፋሹ ሲያቆም። ታላቅ እህቴም ደረሰች። ሐኪሙ ወጥቶ፣ «ከዚህ በፊት ምልክት አልነበረውም? ሲደክመው፣ ሲያልበው አላያችሁም?» ሲል እኔ በሩን በሩን አየሁ። እህቴ ቀደም ብላ፣ «ቃር ነው ተብሎ ከፋርማሲ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር» አለች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ትናንት መጥቶ ቢሆን ኖሮ» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ቢመጣ ይድን ነበር ወይ? አላውቅም። ማንም አያውቅም። የማውቀው አለመምጣቱ በማን እንደሆነ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ሁለታችንም አንስተነው አናውቅም። በሁለተኛው ቀን ለቅሶ ልትደርሺ መጣሽ። ቤቱ ሰው በሰው ነበር። ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጋሼ፣ የአባቴ የሥራ ጓደኞች ሁሉ ነበሩ። ገና ከበሩ ስትገቢ እህቴ ብድግ አለች።

«አባቴን በቃር መድኃኒት ገድለሽ፣ አሁን ልታለቅሺለት መጣሽ?»

አንቺ እሷን አላየሻትም፤ እኔን ነው ያየሽው። ክፉ አስተያየት አልነበረም። ስትጠይቂ እንደምታዪው ነው ያየሽኝ፣ መልስ እንደምትጠብቂ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ የጫማዬ ክር ተፈትቶ አየሁና ጎንበስ ብዬ አሰርኩት። ቀስ ብዬ፣ በደንብ አድርጌ። ቀና ስል ሄደሻል።

በአሥረኛው ቀን ሱቅሽ መጣሁ። ጋሼ፣ «ለቀቀች፤ ሄጄ አላየሁትም፣ ሳላየው ነው የሰጠሁት እያለች ስታለቅስ ሰነበተች» አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ውስጤ እፎይ ብሏል። ዓይንሽን ማየት ቀረልኝ ብዬ። እፎይታው ፌርማታው ድረስ እንኳ አላደረሰኝም። አውቶቡሱ መጣ፣ በር ከፈተልኝ። ሾፌሩ ብቻዬን መሆኔን አይቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት እንዴት እንደኖርኩ ብነግርሽ ይቅርታ ልለምንበት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ግን ናፍቆት ይቅርታ ካላገኘሁ አልመጣም አይልም። በማላውቀው ሰፈር ፋርማሲ ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ ወደ ውስጥ አያለሁ። ሳል ሲይዘኝ ራሴን ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ በአንቺ ድምፅ ነው የምጠይቀው። ሰፈሩም ካላንቺ መላ ቅጡ ጠፍቶበታል። ለራስ ምታት ሆስፒታል ሄደው ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው የሚመጡ አሉ፤ እግራቸው ቁስል ይዞ ወር ሙሉ ቤት የሚቀመጡም አሉ። ልብስ አጣቢዋ ለጉንፋኗ መርፌ የሚሰጣት ሰው አግኝታለች። ደስ ያላት ግን አይመስለኝም፤ የሚሟገታት የለማ።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ።

ከአንድ ወር በፊት እሑድ፣ ምሳ ሰዓት አልፎ፣ እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። የእህቴን ልጅ ታስታውሻታለሽ፤ ሦስት ዓመቷ እያለ የትኩሳት መለኪያሽን ነክሳ የሰበረችብሽ። አሁን ስድስት ሆኗታል። ስገባ አልጋ ላይ ተጋድማለች፣ ፊቷ ነጭ ሆኗል። አጠገቧ ሳህን ውስጥ አስመልሳለች።

«ከአልጋ ወድቃ ነው» አለች እህቴ። «ሁለቴ አስመለሳት። ደንግጣ ነው፣ ትንሽ ትተኛ። አንተ ከታች ከፋርማሲው ማስታገሻ አምጣላት።»

ልጅቷን ጠራኋት። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ጨፈነች። «እንቅልፌ መጣ አጎቴ» አለች። ያን ጊዜ አንቺ ከጎኔ የቆምሽ ያህል ነው የተሰማኝ። ከመሰላል የወደቀውን ቀለም ቀቢ ያመጡብሽ ቀን ያልሽው ትዝ አለኝ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ካስመለሰና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው የኔም አይደለም፣ የጤና ጣቢያም አይደለም ብለሽ ነበር። ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተሸከምኩ።

«የት ነው የምትወስዳት? ልጄን ታስደነግጣታለህ» አለች እህቴ።

«ሆስፒታል።»

«እዚያ ቤት? አባዬ ከሞተበት?»

«አባዬ እዚያ አልሞተም፤ ሳይደርስ ነው የሞተው» አልኳት፤ ደረጃውን ወረድኩ። እህቴ በአንድ እግሯ የኔን የሚያህል የወንድ ጫማ፣ በአንዱ ነጠላ ጫማ አድርጋ ተከተለችኝ።

ድንገተኛ ክፍል ያለችው ሐኪም ወጣት ናት። የልጅቷን ዓይን በባትሪ እያየች ትጠይቃለች።

«ከየት ነው የወደቀችው?»

«ከአልጋ» አለች እህቴ። «ዝቅ ያለ አልጋ ነው።»

«ስትወድቅ አይተሻታል?»

«አዎ፣ እዚያው ነበርኩ።»

«ራሷን ስታ ነበር?»

«አልሳተችም።»

እኔ ግን ቤት ስገባ ያየሁት ነገር ነበር። ጠረጴዛው ቁም ሳጥኑ ሥር ተጠግቶ፣ ከላዩ የወደቀ የሚመስል ወንበር መሬት ተገልብጦ ነበር። እህቴ ለአምስት ደቂቃ ብላ በሩን ከውጭ ቆልፋ ወርዳ ነበር፤ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዛ ግማሽ ሰዓት ቆይታለች። ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ። ያን ጊዜ ግን ፊቷን ሳየው የራሴን ፊት ነው ያየሁት። «አብሬው አይደል የምኖረው» ያልኩበትን ፊት።

«ዶክተር» አልኩ፣ «ከአልጋ አይደለም። ከቁም ሳጥን ላይ ነው። ስትወድቅ ያያት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ራሷን ትሳት አትሳት አናውቅም።»

ሐኪሟ እህቴን አየቻት። እህቴ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። የጭንቅላቷን ምስል አነሷት፤ ውስጥ ደም እየቋጠረ ነበር። አልጋዋን እየገፉ ወደ ቀዶ ሕክምና አስገቧት።

ኮሪደሩ ላይ ሁለታችን ቀረን። እህቴ የልጅቷን አንድ ካልሲ በእጇ ይዛ ቆማ፣

«አዋረድከኝ» አለችኝ። «ልጇን ቆልፋባት ሄደች ሊሉኝ ነው። አንድ ቃል ለኔ ብትተውልኝ ምን ነበረበት?»

«አንድ ቃል ትቼ አውቃለሁ እህቴ። አባዬ ነው የሞተበት።»

አልገባትም። አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ደረጃው ላይ እንዴት እንዳገኘሁት፣ ምን እንደማልኩለት፣ አንቺ ምን እንደጠየቅሽኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩልሽ። «ያልበዋል ወይ ብላኝ ነበር። አያልበውም አልኳት። ካላበው ቀጥታ ሆስፒታል ብላኝም ነበር።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ለረጅም ጊዜ ካልሲውን ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

«ያን ቀን እኔ እሷ ላይ ስጮህ፣ አንተ እዚያው ነበርክ» አለች።

«ነበርኩ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«አንቺንም፣ ሰውንም፣ ራሴንም።»

«እኔ እኮ ያን ሁሉ ሰው ፊት…» አለችና ካልሲውን ፊቷ ላይ አደረገችው።

ልጅቷ ዳነች። ጭንቅላቷን ላጭተዋት ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ማበጠሪያዋን ማን እንደሚወስድባት ነው። ሐኪሟ «ሁለት ሰዓት ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ» አለችና፣ እሷም ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር አይጨርሱትም መሰለኝ። እህቴ እየሰማች ነበር። ይህችን ልጅ ያደረስኳት እኔ ነኝ ብዬ እንድኮራ ሰዎች ይነግሩኛል። ያደረስሻት አንቺ ነሽ። እኔ እግርሽን ብቻ ነው የተካሁልሽ።

እህቴ ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። በአሥረኛው ሥራ ቦታዬ መጥታ ስፖንጅ ክምር ላይ ተቀመጠችና፣ «በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት ነው የምመልሰው» አለችኝ። ሄደችም። ዳቦ ቤቱ ሰው ሞልቶት እያለ ገብታ፣ «ያን ቀን በለቅሶው ቤት ያልኩት ውሸት ነበር፤ አባቴን ያ መድኃኒት አልገደለውም፣ የፋርማሲዋ ልጅ ጠይቃ ነበር፣ የደበቅናት እኛ ነን» አለች። «ወንድሜ» አላለችም፤ «እኛ» ነው ያለችው። ልብስ አጣቢዋ ጋ ሄደች፣ የአባዬ የሥራ ጓደኞች ጋ ሄደች። የቀረ ቤት የለም። ዳቦ ጋጋሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦውን ይሰጠኛል እንጂ ሰላም አይለኝም። ደግ አደረገ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት አንቺ ስትተርቺ የሚስቀው እሱ ነበር፤ አሁን እኔን ሲያይ አይስቅም።

ጋሼን ራሴ ልንገራቸው ብዬ ነው ባለፈው ረቡዕ የሄድኩት። ለእህቴ የነገርኳትን ነገርኳቸው። እስከመጨረሻው ሰምተውኝ፣ «ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። «እሷ ናት ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ገደልኩ ብላ የምትኖረው። ወረቀት የለህም? ጻፍላት። ፊርማህንም አድርግበት።» አድራሻሽን ከሰጡኝ በኋላ ደግሞ አስጠርተው መለሱኝና፣ «የሚነበብ አድርገህ ጻፈው» አሉኝ።

ስለዚህ በሚነበብ ጽሑፍ እጽፋለሁ። አባቴ ሲያልበው አይቻለሁ። ጠይቀሽኛል። ዋሽቼሻለሁ። አምጣው ብለሽኛል፣ አላመጣሁትም። ካላበው ሆስፒታል ብለሽኛል፣ አልወሰድኩትም። አንቺ የሠራሽው ስህተት እኔን ማመንሽ ብቻ ነው፤ እሱም ጥፋትነቱ በኔ የሚቆጠር እንጂ በአንቺ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ለፈለግሽው ሰው አሳዪው፤ ለአለቃሽ፣ ለእናትሽ፣ ሥራ ለሚቀጥርሽ ሁሉ። የተጻፈው ለዚያ ነው።

ወደኔ ተመለሺ ብዬ አልለምንሽም። እመኛለሁ፤ መመኘቴን ብደብቅሽ እንደገና ዋሸሁሽ ማለት ነው። የምለምንሽ ግን ሌላ ነው። የትም ይሁን፣ በየትኛውም ከተማ፣ አንድ ባንኮኒ ላይ ቁሚ። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ደረቱን ይዞ የቃር መድኃኒት ሊገዛ እየሄደ ነው። የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። የሚዋሽሽም ይኖራል፤ ሁሉም ግን እንደኔ አይዋሹሽም።

እስክትጽፊልኝ ድረስ ወዳለሽበት አልመጣም። ባትጽፊም አልቀየምሽም። አምሽቼ ሥራ ስጨርስ ግን እስከ ፌርማታው በእግሬ መሄዴን አልተውኩም፤ የመጀመሪያውን አውቶቡስም እንደ ድሮው አሳልፈዋለሁ።

ያልመለሰልሽን መልስ ዘግይቶ የላከልሽ፣
ሶፋ ሠሪው

*

እኔ እህቱ ነኝ። ከሥር ትንሽ ቦታ ተውልኝ ብዬው ነው። እንደሱ መጻፍ አልችልበትም፤ ይቅርታ የሚባለውንም በወረቀት ማለት አልፈልግም፤ ፊትሽ ቆሜ ነው የምለው። ልጄ ደህና ናት፣ ፀጉሯ እየበቀለ ነው። ዓርብ ከሰዓት የምትሠሪበት መጋዘን በር ላይ ከሷ ጋር እቆማለሁ። ልታዪኝ ካልፈለግሽ አልፈሽኝ ሂጂ፤ አልከተልሽም። በሚቀጥለው ዓርብም እመጣለሁ።